ጣሪያው የእሷ፣ ግድግዳው የእሱ

ደርግ ከወደቀ ስድስተኛው ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሱዳን ውስጥ ኡም ጋርጉር በሚባል የስደተኞች ሰፈር ባንታምላክ የሚባለውን ሰው ሚስቱ በለጡ ፈታችው። ያፋታቸው ሌላ ሴት አይደለችም፤ መጠጥም አይደለም። ያፋታቸው የቤታቸው ክዳን ነው።

ባንታምላክ ከመተማ ቆላ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጉልበቱን የማይሰስት ሰው ነበር። ምንጣሮ ይሁን አረም፣ ሰሊጥ አጨዳ ይሁን ጭነት፣ ለሰው ሲቀጠር የሚቀድመው አልነበረም። የገዛ ቤቱ ሥራ ሲሆን ግን እጁ ይከብደዋል። ለምን እንደሚከብደው እሱም አያውቅም። ሚያዝያ በመጣ ቁጥር "ዘንድሮስ እከድነዋለሁ" ይላል። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ ቀና ብሎ ያይና "ይህን ክረምት ይችለዋል" ይላል። ጣሪያውም ብዙ ክረምት ቻለው።

ባለፈው ክረምት ግን አልቻለም። ባልና ሚስቱ እንደ አገሬው ልማድ በገመድ በተጠለፈ አንገረብ፣ በየአልጋቸው ነበር የሚተኙት። ውሃው መንጠባጠብ የጀመረው በበለጡ አልጋ ላይ ነው። በባንታምላክ በኩል ደረቅ ነበር።

"አልጋሽን ፈቀቅ አድርጊው" አላት።

ፈቀቅ አደረገችው። ውሃው ተከተላት። ወደ ምሰሶው አስጠጋችው፤ እዚያም ተከተላት። በመጨረሻ እየገፋች እየገፋች ከበሩ ሥር ደረሰች። እዚያ ደግሞ ነፋስ አለ። ባንታምላክ ከአልጋው ሳይነሣ ሁኔታውን አስተዋለና፣

"አሁን ትንሽ ይሻላል" አለ።

በለጡ ክረምቱ እስኪወጣ ከበሩ ሥር ተኛች። ኅዳር ላይ ማጭድ ተዋሰችና ከሰፈሩ ውጭ ሰንበሌጥ ስታጭድ ሰነበተች። ያጨደችውን እያሰረች ከቤቱ ጀርባ ከመረችው። ባንታምላክ ክምሩን ወጥቶ በገባ ቁጥር ያየዋል። ለፍየሎቹ መስሎት ነበር።

ሚያዝያ ሲገባ ለምንጣሮ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ሄደ። በለጡ ፍየሎቿን ሸጠች። ከዶካ ከተማ ሁለት ክዳን ሠሪዎች አስመጣችና አሮጌውን ሳር አስወርዳ፣ የበሰበሰውን ወራጅ አስቀይራ፣ ከታች እስከ ጉልላቱ በአዲስ ሳር አስከደነችው። ባንታምላክ በግንቦት መጨረሻ ሲመለስ ዕቃውን ከትከሻው ሳያወርድ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ አየ።

"እሰይ፤ አለቀ ማለት ነው" አለ። "እኔም ዘንድሮ ልከድነው አስቤ ነበር።"

በለጡ ነጠላዋን አንሥታ ወደ አቶ ክንፉ ቤት ሄደች።

ክንፉ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው። ከሼህ አብዱልሰላም ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ጠብ አብረው ያያሉ። ባልና ሚስቱን አስጠሩና እንደ ደንቡ ለማስታረቅ ሞከሩ።

"መታሽ ወይ?" አለ ክንፉ።

"አልመታኝም።"

"ሰደበሽ?"

"መስደብ አይችልም።"

"ታዲያ ምን አደረገሽ፣ ልጄ?" አሉ ሼሁ።

"'አሁን ትንሽ ይሻላል' አለኝ።"

ሽማግሎቹ ነገሩን ከሥሩ እንድታስረዳቸው ጠየቁ፤ አስረዳች። ሲያልቅ ክንፉ ወደ ባንታምላክ ዞረ።

"ብለሃል?"

ባንታምላክ አሰብ አደረገ። "ብያለሁ። ትንሽ ይሻል ነበር።"

ከዚህ በኋላ ሽማግሎቹ ስለ ዕርቅ ማውራት ትተው ስለ ንብረት ማውራት ጀመሩ። ንብረቱ ያው ቤቱ ነው። ግድግዳውን ባንታምላክ ከዓመታት በፊት እንጨቱን ከጫካ አምጥቶ፣ አቁሞ፣ መርጎ የሠራው ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ክዳኑ ደግሞ ከወራጁ እስከ ጉልላቱ የበለጡ ነው፤ ይህንንም ማንም አይክድም። ስለዚህ ግድግዳው ከነመሬቱ ለባንታምላክ፣ ጣሪያው ለበለጡ ተባለ። ሁለቱም "እሺ" አሉ። ሽማግሎቹ በፍርዳቸው ረክተው ምሳቸውን በሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በለጡ ባንታምላክን "አንቱ" ማለት ጀመረች። ከሁሉ ይልቅ የከበደው ይህ ነው። ብትሰድበው በተሻለው።

ለጣሪያው ማረፊያ ችግር አልነበረም። ከሰፈሩ ማዶ፣ ከፍ ካለው መሬት ላይ፣ ሳፊያ የምትባል ባልንጀራዋ ግቢ ውስጥ ምስጥ ጣሪያውን የጨረሰው ባዶ ክብ ግድግዳ ቆሞ ነበር። በለጡ በገመድ ለካችው፤ ሊገጥም ጥቂት ነው የቀረው። ሳፊያ ደስ አላት። ግድግዳውን እንደገና መረገች፣ ወለሉን በእበት ለቀለቀች፣ ጎረቤት እስኪገባላት ቀን ትቆጥር ጀመር።

ባንታምላክ በበኩሉ በቤቱ ዙሪያ የጎርፍ ቦይ ቆፈረ። ሰዎች ጣሪያው ሊሄድበት መሆኑን አስታወሱት።

"ቦይ የግድግዳ ነው" አላቸው።

ጎጆ ጣሪያ ሳይፈርስ ከነሙሉ ክብሩ ተነሥቶ በሰው ትከሻ ይጓዛል፤ ሰው ከተገኘ። ሰው ተገኘ። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተሰበሰበ፤ እስላሞቹም መጡ። ሰማዩ በምሥራቅ፣ በአገር ቤት በኩል ጠቁሯል። ክንፉ አይቶ "እንደርሳለን" አለ። ሼህ አብዱልሰላም "ኢንሻአላህ" አሉ፤ አነጋገራቸው ግን ብዙም አላስተማመነ።

ማሠሪያው ተፈታ፤ ረጃጅም እንጨት በክዳኑ ሥር ተሰደደ። ሰዉ እየገባ በየቦታው ቆመ። ባንታምላክም ከቦይ ቆፋሪነቱ ተነሥቶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ አንዱን ጫፍ ያዘ። ሁሉም አየው። በለጡ ብቻ ጠጋ አለች።

"አንቱም ይሸከማሉ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ሲሸከም ቁጭ ብዬ ልይ?"

በለጡ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። "እንግዲያው በዝቅታው በኩል ይያዙ። ረጅም ነዎት።"

በዝቅታው በኩል ያዘ። ክንፉ "ሆ!" ሲል ሁሉም "ሆ!" ብለው አነሡት። ጣሪያው ከግድግዳው ተላቆ ወደ ላይ ሲነሣ ባንታምላክ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ቤቱን አየ። ሰማይ ገባበት። አልጋው፣ ውሃ መቅጃው፣ የተሰቀለ ሸሚዙ በገሃድ ታዩ። ሰው ሁሉ ሸሚዙን ያየ መሰለው።

ጉዞው ተጀመረ። ከሩቅ ለሚያይ ጣሪያው በብዙ እግር የሚሄድ ይመስላል፤ ውሻ ሁሉ ጮኸበት። ከሥሩ ላለ ሰው ግን የሚታየው ሳሩና የፊተኛው ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ባንታምላክ ሌላ የሚያየው ስለሌለ ክዳኑን አየ። ሳሩ እኩል ተደርድሯል። ማሠሪያው አንዱም አልላላም። በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ፈልጎ አጣ። በለጡ ከሠራተኞቹ ሥር ቆማ እያንዳንዱን እስር እየሳበች ስትፈትን ታየችው፤ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

እኩሌታው ላይ፣ ከሁዜይፋ ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ሲደርሱ ዝናቡ መጣ። የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ አላስጠነቀቀም። የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ፣ ሲርስ እንደ ሙጫ። ገና ጥቂት እርምጃ ሳይሄዱ የሰዉ ጫማ እየተነቀለ ከመሬት ይቀር ጀመር። አንዱ ወደቀ፤ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን አጋደለ።

"አውርዱ!" አለ ክንፉ።

ሱዳናዊው ሁዜይፋ ከወፍጮው ውስጥ እጁን እያወናጨፈ ወጣ። አማርኛ የለመደው ደንበኞቹን በመሳደብ ነው። "ያ ጀማዓ፣ እዚህ አይሆንም! ይህ የመኪና መዞሪያ ነው! ወላሂ አይሆንም!"

አወረዱት። ዝናቡ ሲብስ ሁዜይፋም ጎንበስ ብሎ አብሯቸው ገባ።

ሰዉ ሁሉ መሬት ላይ በተቀመጠው ጣሪያ ሥር ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ አለ። ውጭው እንደ ከበሮ ይመታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱ ቀና አለ፤ ሌላውም ቀና አለ፤ በመጨረሻ ሁሉም ቀና ብለው ክዳኑን ያዩ ጀመር።

"አንዲት ጠብታ የለም" አለ ክንፉ።

"አንዲት" አሉ ሼህ አብዱልሰላም። "ማነው የከደነው?"

"ከዶካ አስመጥቼ ነው" አለች በለጡ።

"ቁልቁለቱን አሳምረውታል።"

ከዚያ ሁሉም እንደ ተነጋገረ ሰው ወደ ባንታምላክ ዞረው አዩት። ባንታምላክ ወዴት እንደሚያይ ግራ ስለገባው እሱም ወደ ላይ አየ። አንድ ነገር መናገር እንዳለበት ገባው።

"ጥሩ ክዳን ነው" አለ።

"እግዜር ይስጥልን" አለች በለጡ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

ዝናቡ ሲያባራ ሊያነሡት ሞከሩ። የክንፉ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ እስከ ዛሬ አልተገኘም። "ሲደርቅ እንወስደዋለን" ተባለ። በማግስቱ ዘነበ። በሣልስቱም ዘነበ። ዋልካ ደግሞ አንዴ ከራሰ እስከ ጥቅምት አይደርቅም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ለመናገር የቸኮለ ግን አልነበረም።

መሬት ላይ የተቀመጠ ጣሪያ ለፍየል አፍ ልክ ነው። የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ወሬውን የሰማ ይመስል ከየግቢው እየመጣ ከጠርዙ ይነጭ ጀመር። በለጡ ሳፊያ ዘንድ እያደረች፣ ጎህ ሲቀድ በጭቃው እየተጎተተች መጥታ፣ ዱላ ይዛ በጣሪያዋ ዙሪያ ስትዞር ትውላለች። በአንድ በኩል ስታባርር በሌላው በኩል ይመጣሉ።

ባንታምላክስ? ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን በዓይኑ አየ። ምርጉ ከላይ ወደ ታች እየሟሟ ወረደ፤ ወለሉ ኩሬ ሆነ። የቆፈረው ቦይ ግን በሚገባ ይሠራል፤ ከውጭ አንድም ውሃ አልገባም። አልጋውን አውጥቶ ወደ ሁዜይፋ ወፍጮ ቤት ሄደ። ሁዜይፋ የማሽላ ጆንያዎቹን እንዲጠብቅለት ብሎ ጥግ ሰጠው።

ከወፍጮው በር ላይ ሆኖ በለጡን ያያታል። መጀመሪያ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ በእሱ በኩል የመጣች አንዲት ፍየል አባረረ። በማግስቱ አንድ ዱላ ቆረጠ። ሁለቱ በጣሪያው ግራና ቀኝ ቆመው ቃል ሳይለዋወጡ ፍየል ሲያባርሩ ሰነበቱ። ወፍጮ የሚመጡ ሴቶች እህላቸው ከተፈጨ በኋላም ቆመው ያያሉ።

አንድ ቀን ባንታምላክ ዱላውን ጥሎ ሽማግሎቹ ዘንድ ሄደ። እንጨቱን ከቤቱ ነቅሎ በበለጡ ጣሪያ ሥር ቢያቆመው ከፍርዱ ይጋጭ እንደሆነ ጠየቀ። ክንፉና ሼሁ ጥያቄው አላሳቃቸውም፤ ረዥም ጊዜ መከሩበት።

"ግድግዳና ጣሪያ አብረው ቢቆሙ ነውር የለበትም" አለ ክንፉ በመጨረሻ። "ባለቤቶቹ አብረው ከገቡ ግን ፍርዳችን መጫወቻ ሆነ ማለት ነው።"

"ግድግዳው ከውጭ የሚታይ ነገር ነው" አሉ ሼሁ። "ከውጭ ሁን።"

ባንታምላክ ወደ በለጡ ተመለሰ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነበር።

"እንጨቴ እዚያ ቆሞ እየበሰበሰ ነው" አላት።

"እኔ ምን ላድርግ?"

"ጣሪያሽ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ እየተበላ ነው።"

"አይቻለሁ።"

"እንጨቱን እዚህ ላቁምልሽ ብዬ ነው።"

"ለምን?"

ባንታምላክ ጭቃውን ከእግሩ ፋቀ።

"ፍየል ማባረር ሰለቸኝ" አለ።

በለጡ መሬቱን አየች፣ ሰማዩን አየች። "ከወፍጮው ጎን ከፍ ይላል። እዚያ ያድርጉት። መጀመሪያ ግን ቦዩ ይቆፈር።"

እንጨቱን ከወዲያኛው ጫፍ አንድ በአንድ በትከሻው አጓጓዘ። በእያንዳንዱ ጉዞ ጭቃው ከእግሩ ላይ እየተደራረበ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ በዱላ እየፋቀ ይሄዳል። በለጡ ጣሪያውን የለካችበት ገመድ መጥቶ ክቡ ተሠመረ። ሁዜይፋ ወጥቶ "መኪናው በየት ይዙር?" አለ። እስከ ጥቅምት አንድም መኪና እዚያ እንደማይደርስ ሲያስታውሱት "መዓለሽ፣ ግድ የለም" ብሎ ተመልሶ ገባ። ዝናቡ ፋታ በሰጠ በአንዱ ጠዋት ሰዉ እንደገና ተሰብስቦ ጣሪያውን አንሥቶ ከወፍጮው ጎን ሰቀለው። ገጠመ። ለዚያ ግድግዳ የተሠራ ጣሪያ ነውና ሊገጥም ግድ ነው።

የቀረው ምርጉ ነበር። በለጡ ከወፍጮው ገለባ ለምና ጭቃውን አቦካች። ሼሁ "ከውጭ ሁን" ስላሉት ባንታምላክ ከውጭ መረገ፤ እሷ ከውስጥ መረገች። እንጨቱና ማገሩ መካከል ክፍት ስለነበረ እየሠሩ ይተያያሉ። ግድግዳው ከታች ወደ ላይ እየሞላ ሄደ። መጀመሪያ እግራቸው ተሸፈነ፣ ቀጥሎ ወገባቸው። ፊታቸው ብቻ ሲቀር በለጡ ተናገረች።

"ክምሩን አምስት ወር ሙሉ አየኸው።"

"አየሁት። ለፍየሎቹ መስሎኝ ነበር።"

"አንድ ቀን 'ይህ ሳር ምንድን ነው፣ በለጡ' ብትለኝ ኖሮ ለሽማግሌ አልሄድም ነበር።"

"አንተ" እንዳለችው ሁለቱም ሰሙ። ባንታምላክ እጁ ላይ ያለውን ጭቃ እንደያዘ ቀረ። በለጡ ግን ጎንበስ አለች፣ ሁለት እጇን ሞልታ ተነሣች፣ ክፍቱን ደፈነችው። ባንታምላክ ለጥቂት ጊዜ ርጥቡን ግድግዳ ሲያይ ቆየ። ከዚያ በእሱ በኩል አለሰለሰው።

ክረምቱ በዚህ ሁኔታ አለፈ። በለጡ በቤቷ፣ ባንታምላክ በወፍጮው ጆንያ መካከል። ዝናብ የያዛቸው የወፍጮ ደንበኞች በለጡ ቤት ይጠለላሉ፤ መጠለሉ ሲበዛ በለጡ ሽምብራ መቀቀል ጀመረች። በጨውና በሚጥሚጣ አድርጋ ስትሸጥላቸው ሰዉ ዝናብ በሌለበት ቀንም መጠለል ወደደ። ለባንታምላክ በጣሳ ትልክለታለች። ጣሳውን አጥቦ ይመልሳል።

ጥቅምት ሲገባ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ክንፉ፣ ቃሉን የማይረሳ ሰው ነውና፣ ሰዉን ሰብስቦ ጣሪያውን ወደ ሳፊያ ግቢ ሊወስድ መጣ። በለጡ ድስቷን እያማሰለች፣

"አይነሣም" አለች።

ሳፊያ ተቀየመች። ግድግዳ መርጌ፣ ወለል ለቅልቄ ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁ እኔ ምንድን ነኝ አለች። ለጥቂት ቀን ቀረች፤ ከዚያ ሽምብራው ናፈቃትና መጥታ አኩርፋ በላች። እየበላች ኩርፊያዋ አለቀ።

የግድግዳው ነገር ግን ሽማግሎቹን አሳሰባቸው። ባንታምላክ "ይቅር፣ ትውሰደው" አለ።

"በሰው ግድግዳ ውስጥ አልኖርም" አለች በለጡ። "ሳር አጭጄ እከፍላለሁ።"

ኅዳር ላይ ሰንበሌጡ ሲደርቅ ሁለቱም ማጭድ ይዘው ወጡ። እሷ የዕዳዋን ታጭዳለች፤ እሱ ደግሞ ለራሱ ክዳን የሚጎድለውን። አንዱ ከሜዳው ወዲህ፣ ሌላው ከወዲያ ነበር የጀመሩት። ፀሐይ ሲከር ከአንዲት ግራር ሥር ተገናኙ። እሷ ሽምብራ ይዛለች፣ እሱ ውሃ። ስለ ወፍጮው አይጦች አወሩ። እነዚያ አይጦች ባንታምላክን ክረምቱን ሁሉ ያላስተኙት ናቸው፤ ስለ እነሱ ሲያወራ አፉ ተፈታ። በለጡ አንድ ጊዜ ሳቀች።

ሰፈሩ ታረቁ አለ። አልታረቁም። ቢያንስ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ነገር የለም።

ባንታምላክ በሚያዝያ ፋሽጋ አልሄደም። በአሮጌው መሬቱ ላይ አዲስ እንጨት አቆመ፣ መረገ፣ በገዛ እጁ ከደነ። በለጡ መጥታ ከሥር ቆማ እያንዳንዱን እስር ሳበች። "እዚህ ጋ ሳስቷል" አለችው፤ ወጥቶ ጨመረበት። የቀድሞው ቤት በሩ ወደ መንገዱ ነበር። የአዲሱን በር ግን ወደ ሜዳው አዞረው፤ ቁጭ ሲል ከሜዳው ማዶ የወፍጮው ጭስና የበለጡ ደጃፍ ወለል ብለው ይታዩታል። ክንፉ ይህን አይቶ ለምን በሩን እንዳዞረው ጠየቀው።

"ነፋሱ በመንገዱ በኩል ነው የሚመጣው" አለ ባንታምላክ።

ክንፉ ጣቱን አርሶ ወደ ላይ ዘረጋ። እውነትም ነፋሱ በመንገዱ በኩል ነበር።